በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር

ሰኔ 3፣ ሰኞ

የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ለሁሉም ነገር ዓምድ አለው፤ ለክብደት፣ ለፍጥነት፣ ለፍሬን፣ ለጎማ ነፋስ ሳይቀር። «ተገርሜያለሁ» ብዬ የምጽፍበት ዓምድ ግን የለውም። ይህን ደብተር የያዝኩት ለዚያ ነው። በዚህ ዕድሜዬ በብረት እገረማለሁ ብዬ ለማን ላውራ?

አዲሷ ሞተር ሳይክል ዛሬ ከሳጥኗ ወጣች። መቶ ሲሲ እንኳ አትሞላም፤ 97.2 ናት። ያን ያህል ውሃ በመለኪያ ብርጭቆ ቀድቼ አየሁት። የሻይ ብርጭቆ ግማሽ ነው። በዚህች ታህል ጉድጓድ ነው እንግዲህ ሁለት ሰው ከነዕቃው ተሸክማ ዳገት የምትወጣው። ቀዳሁት፣ ደፋሁት፣ ደግሜ ቀዳሁት። የግምጃ ቤቷ እትዬ በበሩ ሲያልፉ አይተውኝ ውሃውን ልጠጣው ነው ወይስ ላመልከው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ደብተሩ ገና አያውቀንምና ላስተዋውቀው። ሥራችን አለማመን ነው። ፋብሪካ ጽፎ የላከውን ቁጥር ሁሉ እኛ እንደገና እንለካለን። ለኪዋ እኔ ነኝ፤ ነጂው ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ሲነዳ እኔ ስጽፍ ኖርን። ይህቺ ሞተር ፍተሻውን ካለፈች ቤት ለቤት ለሚዞሩ ነርሶች አርባ ይገዛል። ነርሶቹ ቤንዚን ቀድተው የሚወጡት የእኛን ቁጥር አምነው ነው።

ሥርዓታችን ሞተርን ከነነጂው መመዘን ነው፤ መንገድ ላይ ብቻውን የሚሄድ ሞተር የለምና። ከድምሩ የነጂው ክብደት ይቀነሳል። የጋሼ ክብደት ከነቡትሱ፣ ከነጃኬቱና ከነሄልሜቱ 78 ኪሎ ተብሎ መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ተለውጦ ስለማያውቅ የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ሰባ ስምንት» ነው የሚሉት። ዛሬም ድምሩ 184.0 መጣ፤ 78 ሲቀነስ 106፤ ፋብሪካውም ያለው 106። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ኃላፊያችን ጠዋት አንድ ደብዳቤ ለጥፏል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነጂ ጤናው ከተጓደለ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል ይላል። ጋሼ ሃምሳ አራት ነው። አንብቦ ሲያበቃ ሳቀና «እኔን በር ላይ ካቆሙኝ በሩን ይዤው ነው የምሄደው» አለ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው የቤንዚን ፍተሻ። ሰርባትዮው፣ የቤንዚን ጋኗ ማለት ነው፣ እስከ ምልክቱ ይሞላል፣ ጋሼ መፈተኛ መንገዳችንን አርባ ዙር ይዞራል፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ የጎደለውን በመለኪያ ብርጭቆ እየቀዳሁ እሞላለሁ። የጎደለው ከአንድ ሊትር እምብዛም አያልፍም። በአንድ ሊትር 58.2 ኪሎ ሜትር። ፋብሪካው 60 ብሎ ነበር። ፋብሪካ ትንሽ ማጋነኑ አይቀርም፤ ለምደነዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ አካፈልኩ። ሙሉ ጉልበቷን ስትሰጥ በደቂቃ 7500 ዙር ነው። በሰከንድ 125 ጊዜ ፒስተኗ ወርዳ ትወጣለች፤ ካንዴላዋ 62 ጊዜ እሳት ትጭራለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እስክከፍት ሃያ ጊዜ ያህል እሳት ተነሥቶ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ እየሆነ ድምጿ ከልብስ ስፌት መኪና አይበልጥም። ዳቦዬን ይዤ ቀረሁ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። የፍሬን ቀን። ከ30 ፍጥነት፣ በደረቅ 6.8 ሜትር። በእርጥብ 8.1። ዲስክ የላትም፤ ፍሬኗ እንደ ድሮው ከጎማው መሀል ከውስጥ የሚይዝ ነው። ቀጥ ብላ ቆመች፤ ኋላዋ እንኳ አልተወዛወዘም።

ጋሼ በመካከሉ ሦስት ጊዜ ወርዶ ወደ ሽንት ቤት ሄደ። ብርድ ነው። «ሦስት ጊዜ ተቋርጧል፣ በአየር ሁኔታ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

59.0።

ሞተሯ እየተፍታታች ነው። አዲስ ብረት መጀመሪያ እርስ በርሱ ይኮራረፋል፤ ሲውል ሲያድር ይግባባል። ጋሼ ከወረደ በኋላ የውሃ ጠርሙሱን ሳይተነፍስ ጨለጠው። የኔንም ጠጣው።

ሰኔ 16፣ እሑድ

ምሳ ጋሼ ቤት በላሁ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከልጁ ጋር ነው የሚኖረው። ልጁ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳሎኑን ግማሽ የያዙት የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ክምሯ ናቸው።

ስለ መቀመጫዋ ከፍታ አወራኋቸው። 785 ሚሊ ሜትር ነው። ለምን 785? የሞተሯን ሆድ ከፍ ቢያደርጉት አጭር ሰው እግሩ መሬት አይደርስም፤ ዝቅ ቢያደርጉት ድንጋይ ይመታታል። ከመሬት 165 ሚሊ ሜትር ላይ አስቀመጡትና በዚህም በዚያም ተገላገሉ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ስለ አንዲት አጭር ነርስ እግር አስቧል! ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ልጅቷም አየችኝ።

«አክስቴ፣ ስለ ሰው እንዲህ ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም» አለች።

ጋሼ ሳቀ። ደህና በላ፤ ሁለቴ ተጨምሮለታል። አንድ ጆግ ውሃ ብቻውን ጨርሶ በላዩ ላይ ሁለት ለስላሳ ደገመ። ምግቡ ጨው ሳይበዛበት አይቀርም ብዬ ተናገርኩ፤ ልጅቷ ቅር አላት። በኋላ ሳህን ስናጥብ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የአባቷን ሱሪዎች ለሁለተኛ ጊዜ እንዳጠበበቻቸው ነገረችኝ። የዛሬ ጊዜ ጨርቅ ሲታጠብ ይለጠጣል አልኳት። ጨርቅ የምታውቀው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። 

ሰኔ 17፣ ሰኞ

የሁለት ሳምንት ክብደት። ድምር 179.6።

78 ሲቀነስ 101.6። ሞተሯ አራት ኪሎ ተኩል ከሳች? ሰርባትዮው ሙሉ ነው። ዘይቷ ልክ ነው። የወደቀ ብሎን የለም፤ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። መስተዋቶቿ አሉ። መለዋወጫ መያዣዋ አለ። ጋሼ ከላይዋ ሳይወርድ ወለሉ ዝናብ ጠጥቶ ሚዛኑ አዘንብሎ ይሆናል አለኝ። እውነቱን ነው። እፎይ አልኩ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ሚዛኑን በመመዘኛ ብረቶቻችን ፈተንኩት። ሳጥኑ ውስጥ ከሃያ ኪሎ እስከ መቶ ግራም ያሉ ብረቶች አሉ፤ በመሥሪያ ቤቱ ከሰው ሁሉ በላይ የሚታመኑት እነሱ ናቸው። ሃያ ኪሎ ሳስቀምጥበት ሃያ አለ፣ መቶ ሳስቀምጥበት መቶ አለ።

ሚዛኑ ምንም አልሆነም። ሆኖም ከሥሩ ጣውላ አስገባሁበት። ለምን እንዳስገባሁ ኃላፊው ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ የትኛው ብረት ስንት እንደሆነ እየጠየቀ ሲያቀብለኝ ዋለ። በሃያ ሁለት ዓመት ብረት አቀብሎኝ አያውቅም፤ ሥራዬን መውደዱ ደስ አለኝ።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

184.0። ጣውላው ሠርቷል! ሞተሯን መቀመጫዋ ላይ መታ መታ አደረግኋት። ጋሼ ሲወርድ ቀስ አለ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባ።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

61.1!

ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት። ፋብሪካው ካለው በላይ የሄደ ሞተር በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ሰምቼም አላውቅም። ፋብሪካ የሚያጋንነው ለመሸጥ ነው፤ ይህቺ ግን አሳንሰው የላኳት ናት። ሰርባትዮዋ 9 ሊትር ይይዛል። አስቡት፣ አንዲት ነርስ ሰኞ ጠዋት ሞልታ ትወጣለች፤ 540 ኪሎ ሜትር አልፋ ገና ቤንዚን ይተርፋታል። ስንት በር ታንኳኳለች! ስንት ልጅ ይከተባል! ሁሉም ከዚያች ግማሽ ብርጭቆ ነው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆሜ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም።

ኃላፊያችን ቁጥሩን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ለበላዮቹ ስልክ ደወለ። «ስልሳ አንድ፣ አዎ ስልሳ አንድ፣ ለኪያችንን ታውቋት የለ!» ሲል ከኮሪደሩ ሰማሁት፤ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ጋሼን ልንገረው ብዬ ብሄድ ልብስ መቀየሪያው አግዳሚ ላይ ተኝቷል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። አግዳሚው ሥር አምስት የለስላሳ ጠርሙስ ቆጠርኩ። ጉንጩ ጎድጉዷል። ሰው ሲተኛ ፊቱ ይወርዳል። አልቀሰቀስኩትም።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

184.0።

የግምጃ ቤቷ እትዬ አንድ የሚያስቅ ነገር ነገሩኝ። የመመዘኛ ብረቶቹ ሳጥን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይጎድላል፤ እኩለ ቀን ላይ ይሞላል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ አይተው አያውቁም። ቆጠራ ተሳስተው ይሆናል አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ቆጥረው ተሳስተው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው፤ ፊት ነሱኝ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

62.3። አሁንስ ሁለቴ አሰመርኩበት።

አርባውን ዙር ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ሲጨርስ ቁጥሩን እንዲያነብልኝ ሰጠሁት፤ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ «ሰማንያ ሁለት» አለ። ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። መነጽር ያስፈልገዋል። በዚህ ዕድሜ ሁላችንም ያስፈልገናል።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ልጅቷ እኔ ቤት መጣች። እንዲህ ያለ ልማድ የላትም። ሻይ አፍልቼ ስለ 62.3 ነገርኳት። እያዳመጠችኝ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ከዚያ አባቷ ጃኬቱ ውስጥ አራት ኪስ እንድትሰፋለት እንደጠየቃት ነገረችኝ፤ ከድርብ ሸራ፣ ከባድ ነገር የሚችል።

መፍቻ ሊይዝበት ይሆናላ አልኩ።

«አራት ኪስ መፍቻ?»

ነጂ መንገድ ላይ ብልሽት ሊገጥመው ይችላል፣ ጥንቃቄ ነው፣ አልኳት። እንዴት ያለ ረጅም ማብራሪያ እንደሰጠኋት አሁን ስጽፈው ይገርመኛል። ኩባያዋን ሳትጨርስ ተነሣች። በር ላይ አቅፋኝ ቆየች፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

184.0።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ይከብደኛል፤ ቢሆንም በሥርዓቱ ልጻፈው።

ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አሰፈርኩና ከላይ ያሉትን አየሁ። 184.0፣ 184.0፣ 184.0። ሦስት ሰኞ። ለኪ የሆነ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እውነተኛ ነገር ይወዛወዛል። ጎማ ያልቃል፣ ጭቃ ይይዛል፣ ቤንዚን በጠብታ ይበልጣል ያንሳል፣ ነጂም ቁርሱን በልቶ ይመጣል ወይም ሳይበላ ይመጣል። ሦስት ጊዜ እስከ ነጥቡ አንድ ዓይነት የሚመጣ ቁጥር የተሠራ ቁጥር ነው። ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬያለሁ። የኔን መዝገብ ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ እጥለው ነበር።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሞተሯን በመቆሚያዋ ብቻዋን ሚዛኑ ላይ አቆምኳት። ነገሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰኔ 17 ላደርገው እችል ነበር።

106.1።

ሞተሯ አንዲት ግራም አልከሳችም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሲታጠብ ጃኬቱን ከመስቀያው አነሣሁ። ትናንት መመለስ ረስቶት ነው እንጂ ባዶ ሆኖ ላገኘው እችል ነበር። በአንድ እጄ ልይዘው አልቻልኩም። አምስት ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ፣ ሌላ ሁለት ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ፣ ሁለት መቶ ግራም። የኔው ብረቶች፣ በገዛ ልጁ መርፌ በተሰፋ ኪስ። አእምሮዬ ተበትኗል። ድምሩ 9.7። ስለዚህ ጋሼ 68 ኪሎ ነው፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥር ኪሎ ገደማ ከዓይኔ ሥር ሄዷል።

ስለዚህ ሞተሯም ተአምር አልሠራችም። የምትሸከመው ሰው እያለቀ ነበር። የተገረምኩበት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከወንድሜ ሥጋ የመጣ ነው።

ፎጣ ይዞ ወጣ። ጃኬቱን እጄ ላይ አየና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ትከሻው፣ አንገቱ... እንዴት አላየሁም? ዓይኔ የሚያየው መደወያ ብቻ ሆኖ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። ውሃ ውሃ ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ።»

ሰኞ ሰኞ ከሁሉም ቀድሞ እየገባ ብቻውን ይመዘን እንደነበር፣ የጎደለውን እየሞላ ኪሱ እንደሚከት ነገረኝ። ሲነዳ ግን ብረቱ ስለሚያደክመው ያወጣዋል። እስከ ነጥቡ ያስተካከለው እኔ ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው። ልክ ቁጥር ስትወጂ አውቃለሁ አለኝ። አንጀቴን በላው።

አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። እንባ ያቀረረ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል። እስከ ዓርብ ዝም በይልኝ። አንዴ ታመመ ከተባልኩ ሞተር ላይ አልወጣም። ዓርብ በራሴ እግር እሄዳለሁ።»

እሺ አልኩት። እሺ! ታላቄ ነው፤ እንቢ ብዬው አላውቅም። ደግሞም፣ ይህን እዚህ ካልጻፍኩ የትም አልጽፈውም፣ ኃላፊው 62ን ለሁሉም አውርቶ ጨርሷል።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ዝናብ። ፍተሻ የለም። ሦስት ጊዜ ስልኬን አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ዓርብ ሩቅ አይደለም። ዓርብ ሩቅ አይደለም።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት ኮሪደር። አጭር ልጻፍ። ጋሼ ሃያ ሦስተኛው ዙር ላይ ቆመ። ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ስጠራው ቀስ ብሎ ዞረ። ምላሱ ተሳሰረ። ትንፋሹ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከኃላፊው ጋር ወጥቷል። በሞተሯ እኔው ነድቼ አምጥቼዋለሁ። ሕይወቱ አለ። ሕይወቱ አለ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ጋሼ ተኝቷል፤ ክንዱ ላይ የተሰካው ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ እግሩ ሥር ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የትናንቱን ልጻፍ።

ሞተር ነድቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። በግቢው ውስጥ ከመጋዘን ወደ ሚዛን በአንደኛ ማርሽ፣ እግሬን መሬት እየጎተትኩ አዛውራቸዋለሁ፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም። የግምጃ ቤቷ እትዬ ገና በጀመረው ዝናብ ውስጥ የጭነት ማሰሪያ ይዘው ሮጠው መጡ። ጋሼን ከኋላዬ አስቀመጥነው፣ እጆቹን ወገቤ ላይ አዞርን፣ እትዬ ሁለታችንን አንድ ላይ ጠፍረው አሰሩን። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እትዬ ምንም ሳይቀልዱ «ሂጂ» አሉኝ።

በአንድ መርገጫ ተነሣች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። እስከ ዛሬ የለካሁት ሁሉ ከሥሬ ሕይወት ዘራ። 785 ሚሊ ሜትር የተባለው እግሬ መሬት ሲደርስ ነው፤ ስቆም ሁለቱም ደረሱልኝ፣ አልወደቅንም። 165 የተባለው ጎርፉ የቆፈረው ጉድጓድ ላይ ስንወርድ ሆዷ ያልተነካበት ነው። ዳገቱ ላይ ማርሽ መቀነስ ጠፍቶብኝ በሦስተኛ ያዝኳት፤ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ያቺ ግማሽ ብርጭቆ ግን ሁለታችንን ይዛ ወጣች። እሳቷ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ትናንት ግን እያንዳንዷን «አንዴ ደግሞ፣ አንዴ ደግሞ» እያልኩ እለምናት ነበር። መኪኖች ጥሩምባ ነፉብኝ። አለቀስኩ፤ በዝናቡ እንባዬን ማንም አልለየውም። መንገደኛ ሁሉ ዞር ብሎ አየን፤ አንዲት ጎልማሳ ሴት ሽማግሌ ጠፍራ ስትነዳ። ጋሼ ሽማግሌ ይመስል ነበር።

ነርሷ ጣቱን ወግታ ደሙን በትንሽ መሣሪያ አየች። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም። ደገመችው፤ አሁንም ቁጥር የለም፤ ከሚቆጥረው በላይ ነው ብሎ ምልክት ብቻ ያሳያል። ሕይወቴን ሙሉ ስለካ፣ ልክ የሌለው ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስኳር ነው። የጠጣው ለስላሳ ሁሉ አባብሶታል። መርፌውን ዕድሜ ልኩን ይወጋል፤ ከተጠነቀቀ ግን ረጅም ዕድሜ ይኖራል አሉን።

ከዚያ ነርሷ ለልጅቷ እየሰማሁ እንዲህ አለቻት። «አንድ ቀን ብታዘገዩት አታገኙትም ነበር። ምነው፣ ቤት ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ያስተዋለችው እሷ ነበረች። ያወቅሁት ማክሰኞ እንደሆነ መናገር ሲገባኝ የጋሼን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ለልጅቷ ነገርኳት። ማክሰኞ እንዳወቅሁ፣ እስከ ዓርብ ብዬ እንደተስማማሁ።  ከዚያ የያዘችውን ዳቦ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ በላሁት።

ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ገብቼ ከሰኔ 14 በኋላ ያለውን የቤንዚን ቁጥር ሁሉ በቀይ ሰረዝኩ፤ 62.3ንም። «የነጂው ክብደት ስላልተረጋገጠ» ብዬ ፈረምኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ሰባ ስምንት ሰርዤ ነጂ በየፍተሻው ቀን ለብቻው ይመዘናል ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ለበላዮቹ ምን ሊል ነው? እውነቱን በል አልኩት። የጋሼንም ነገር አልደበቅሁ። ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል ወይ ብዬ ስጠይቀው ሐኪሙ የሚጽፈውን አያለሁ ብሎ ተነሣ። የማይሆን ነገር ይመጣ ይሆናል። ይምጣ።

ሞተሯን ግን አልፋለች ብዬ ነው የጻፍኩት። ከ58 እስከ 59። ይበቃታል።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ጋሼ ዛሬ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ዓይኑ ጠርቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ከአልጋው ሆኖ አነበበልኝ። ልጁ ጢሙን ላጨችው። ስለ ሥራው ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ስለ ሪፖርቱ ለመናገር ሲቃጣኝ እጁን አነሣ።

«ሰርዘሽዋል አይደል?»

«ሰርዤዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። ደግ የሚባለው ሐሙስ ሳይሆን ማክሰኞ ሐኪም ቤት ወስጄው ቢሆን ኖሮ እንደነበር፣ እሱ ለመነኝ ብዬ እሺ ማለት እንዳልነበረብኝ ነገርኩት።  እኔ አዛዥ፣ አንቺ እሺ ባይ ሆነን ነው ያደግነው አለ። ከዚያ ልጁ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ ወደኔ ጠጋ አለ።

«ሁለታችንን ይዛ ዳገቱን ወጣች አሉኝ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭነት። ስንት ሄደች በሊትር?»

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ስነሣም አላየሁትም፣ ስደርስም አላየሁትም። ሰርባትዮውን አልሞላሁም፣ ሰዓት አልያዝኩም። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

«አልለካሁም» አልኩት።

ጋሼ እስኪበቃው አየኝ። «እንዲያ ከሆነ በጣም ፈርተሽ ነበር» አለኝ፣ በልጅነታችን ስወድቅ ያነሣኝ በነበረበት ድምፅ።

አዎ አልኩት።